በጀጎል የአፈር ጣሪያና በድሬዳዋ ሶሌታ ላይ ላስቲክ ስለመዘርጋት

ከሐረር የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ጀጎል ውስጥ ከወላጆቻችን የወረስነው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት አለን። ጣሪያው ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ ሲሆን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ያፈሳል። ግንበኛው ላስቲክ ዘርግተን ከላይ ስስ የሲሚንቶ ልስን እናድርግበት ይላል። ድሬዳዋ ሳቢያን የሚኖረው ወንድሜ በበኩሉ በሶሌታው (በጠፍጣፋው የኮንክሪት ጣሪያው) ላይ ጥቁር ላስቲክ ዘርግቶ በድንጋይ ከተጫነው ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ አሁን ከበፊቱ ብሶ ያፈሳል። ላስቲክ ይሁን ወይስ ይቅር? ከሆነስ ምን ዓይነት ልግዛ?»

በቅድሚያ አጭሩን መልስ ልስጥ። ላስቲክ ለሁለቱም ቤቶች ሊጠቅም ይችላል፤ ሆኖም ግንበኛው ባሰበው አሠራር ለእርስዎ ቤት አይሆንም፤ ወንድምዎ በዘረጉበት አኳኋንም ለእሳቸው ቤት ሊሆን አይችልም ነበር። የሁለቱም ስህተት መነሻው አንድ ነው፦ ላስቲክ ውሃን ያግዳል እንጂ አያስወግድም። ውሃን ከጣሪያ ላይ የሚያስወግደው ተዳፋቱና መውረጃው ነው። ላስቲኩን ራሱን ደግሞ ከፀሐይ፣ ከእግርና ከስለት የሚጠብቀው በላዩ ላይ የሚደረገው ሽፋን ነው። ከሥሩ ያለው ካልተስተካከለ፣ ከላዩ ያለው ካልተሸፈነ፣ የተገዛው ላስቲክ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው።

መጠኑን በቁጥር እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 6 በ8 ሜትር የሆነ ጣሪያ ስፋቱ 48 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ አንድ ጠንካራ የነሐሴ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,440 ሊትር፣ ማለትም ሰባት በርሜል ያህል ውሃ ጣሪያው ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ ውሃ ዝናቡ እየጣለ ሳለ ጠርዙን አልፎ መውረድ ይኖርበታል። ተዳፋት ባለው ጣሪያ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ብትኖር ውሃው ሮጦ ስለሚያልፋት የምታስገባው ጥቂት ነው። ያችው ሽንቁር ውሃ በቋጠረ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ብትሆን ግን ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ታንጠባጥባለች። ስለዚህ ስለ ላስቲኩ ጥራት ከመነጋገራችን በፊት ጣሪያው ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ ያስፈልጋል። ለሶሌታ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለአፈር ጣሪያ ደግሞ በ1 ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ቢኖር ጥሩ ነው። ይህን ለመለካት ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከመውረጃው አጠገብ፣ ሌላውን ጣሪያው ከፍ በሚልበት ማዕዘን ይዞ የውሃው ከፍታ ከጣሪያው ምን ያህል እንደሚርቅ በሁለቱም በኩል መለካት ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ጠቅላላ ዝቅታው ነው።

ቀጥሎ የፀሐይ ነገር አለ። በገበያችን ላስቲክ የምንለው በአብዛኛው ፖሊኤቲሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ አገር የተገኘ፣ በውሃ የማይበሰብስና ዋጋው የማይከብድ ነገር ነው። ትልቁ ጠላቱ የፀሐይ ጨረር ነው። ጨረሩ የላስቲኩን ውስጣዊ ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል፤ ላስቲኩ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ግልጽ የሆነው ተራ ላስቲክ በእኛ ፀሐይ ላይ ለወራት እንጂ ለዓመታት አይቆይም። ጥቁሩ የሚሻለው የካርቦን ጥቀርሻ ስለተቀላቀለበት ነው፤ ጥቀርሻው ጨረሩን ላዩ ላይ ያስቀረዋል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ ሊያታልለን አይገባም። ድሬዳዋ ደግሞ በሙቀቱ ይጎዳዋል። ፀሐይ ያረፈበት ጥቁር ላስቲክ እኩለ ቀን ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል፣ ሌሊት ወደ 20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። 8 ሜትር ርዝመት ያለው ላስቲክ በዚህ የሙቀት ልዩነት ብቻ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ያጥራል። በየቀኑ ይህን ያህል የሚንቀሳቀስ ነገር በምስማር ከተቸነከረ ወይም በድንጋይ ከተጫነ፣ የተያዘበት ቦታ ላይ መቀደዱ አይቀርም።

የወንድምዎ ጣሪያ የደረሰበትም ይኸው ይመስለኛል። በሥራዬ ደጋግሜ የማየውን እነግርዎታለሁና እሳቸው ጣሪያቸው ላይ ወጥተው ያመሳክሩት። ላስቲኩ እየተሳበ ስለሚኖር ድንጋዮቹ ባረፉበት ሥር ይፋቅና ክብ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ይወጣዋል። የውሃ ታንከሩ እግርና የሳተላይት ዲሹ ብረት ባሉበት ደግሞ ተቀዶ ዞሯቸው አልፏል። ከሁሉ የሚከፋው ጠርዙ ነው፦ ላስቲኩ ፓራፔቱ (በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ ያለው አጭር ግንብ) ሥር ሲደርስ ወደ ላይ ተቀልብሶ ካልታሰረ፣ በግድግዳው ላይ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ከላስቲኩ ሥር ይገባል። አንዴ ከሥር የገባ ውሃ ላስቲኩ ራሱ ስለሚከድነው በፀሐይ አይደርቅም፤ በሶሌታውና በላስቲኩ መካከል እየተንሸራሸረ ስንጥቅ ይፈልጋል። ከበፊቱ ብሶ ማፍሰሱ በዚህ ይገለጻል። ቀድሞ ዝናብ ሲያቆም ሶሌታው በአንድ ቀን ይደርቅ ነበር፤ አሁን ውሃው ለሳምንት ተከድኖ ይቀመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በሳሎኑ ጣሪያ ላይ የሚታየው እርጥብ ምልክት ቀዳዳው ከበላዩ መሆኑን አያረጋግጥም። ከላስቲክ ሥር ያለ ውሃ ብዙ ሜትር ተጉዞ በሌላ ክፍል ሊወርድ ስለሚችል፣ ምልክቱ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ድሬዳዋ ስናወራ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ ጉዳይም አለ። በተጨማደደ ላስቲክ ላይ የሚቋጥር ውሃ ትንኝ ያራባል። ዴንጊ በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ሰው አልጋ ላይ ጥለዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ንጹሕና የቆመ ውሃ የምትመርጥ ናት፤ እንቁላሏ በሳምንትና በዐሥር ቀን ውስጥ በራሪ ትንኝ ይሆናል። ሰው የማይወጣበት ጣሪያ ላይ ያለ የላስቲክ እጥፋት ለእርሷ ምቹ ቦታ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ሌላውን ሁሉ ቢያቆዩት እንኳ አሁን ያለውን የተበጣጠሰ ላስቲክ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያንሡት።

ካነሡት በኋላ ሶሌታውን ጠርገው ያድርቁት፤ ስንጥቆቹንም ይመርምሩ። ፀጉር የምታህለዋ ስንጥቅ ሁልጊዜ አታሰጋም። የሚያሳስበው ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው የተዘረጋ ወይም ከታች በኩልም የሚታይ፣ የዛገ ፌሮ ያለበት ስንጥቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ካገኙ ከማንኛውም ውሃ መከላከያ በፊት መሐንዲስ ያማክሩ። ሶሌታው ጤነኛ ከሆነ ወደ መውረጃው የሚያዘነብል ስክሪድ (የሲሚንቶና የአሸዋ ድልዳል) ይደረግበታል። ሶሌታው ከፓራፔቱ ጋር የሚገናኝበት ቀጤ ማዕዘን በሲሚንቶ ተሞልቶ ጎበጥ ያለ ይደረጋል፤ የትኛውም የውሃ መከላከያ በሹል ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃልና። ከዚያ በኋላ የሚመረጠው በእኔ እምነት በእሳት የሚለጠፈው 4 ሚሊ ሜትር የካትራሜ ሜምብሬን (ጥቅል የውሃ መከላከያ ንጣፍ) ወይም ሲሚንቶ ነክ የሆነው ተለጣጭ ቅብ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ከሶሌታው ጋር ስለሚጣበቁ አንድ ቦታ ቢቀደዱ ውሃው ከሥራቸው እንደ ልቡ አይንሸራሸርም። ቅቡም ሆነ ሜምብሬኑ ፓራፔቱ ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ሲያልቅ ነጭ ቀለም ወይም ኖራ ቢቀቡት ፀሐዩን ስለሚመልስ የመከላከያውን ዕድሜ ያራዝማል፤ ከታች ላለው ክፍልም በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ትልቅ እፎይታ ነው። ሶሌታው ውሃ መያዙን ለመፈተን መውረጃውን ደፍኖ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ መሙላትና ለ24 ሰዓት ማቆየት የተለመደ ነው። ይህ በ1 ካሬ ሜትር 50 ኪሎ ይመዝናል፤ በደንብ ለተሠራ ሶሌታ አይከብድም። በአፈር ጣሪያ ላይ ግን በጭራሽ እንዳይሞከር። ወንድምዎ ገንዘቡ ስላልደረሰላቸው ላስቲክ ብቻ መጠቀም ግድ ከሆነባቸው፣ ያው ስክሪድ ተስተካክሎ፣ ከላስቲኩ በታችና በላይ ጨርቅ ነክ ነገር ተነጥፎ፣ ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይልበስ። ይህ በ1 ካሬ ሜትር ከ80 እስከ 90 ኪሎ ስለሚጨምር ሶሌታው መቻሉን ባለሙያ ያረጋግጥላቸው።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንምጣ፤ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው እርሱ ነው።

የጀጎል ቤት ጣሪያ የሚሠራበት ጥበብ ከሶሌታ ፈጽሞ ይለያል። ከጊዲር ጋሩ (ከዋናው ሳሎን) ሆነው ቀና ቢሉ ተቀራርበው የተደረደሩትን ግንዶች ያያሉ። ከግንዶቹ በላይ ፍልጥና ጭራሮ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ የተደለደለ አፈር ይቀጥላል። ይህ ጣሪያ ዝናብን የሚመክተው ለጊዜው በመጠጣትና ቆይቶ በማድረቅ ነው። ሸክላማው አፈር ሲረጥብ ያብጥና የራሱን ስንጥቅ ይዘጋል፤ ትርፉ በተዳፋቱ ይወርዳል፤ የጠጣው ደግሞ በማግስቱ ፀሐይ ወደ ላይ ይተናል፣ የተረፈው ወደ ቤት ውስጥ ይተነፍሳል። ግንዶቹ ይህን ያህል ዘመን የቆዩት እርጥበት ስለማይነካቸው ሳይሆን፣ የነካቸው እርጥበት መውጫ ስለነበረው ነው። እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበቱ ከክብደቱ 20 በመቶ አልፎ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሻጋታው አያድግበትም። የጣሪያው ድካም ያለው በየዓመቱ ጥገና መፈለጉ ላይ ነው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት መጠቅጠቅ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ መውረጃውን መጥረግ ይገባ ነበር፤ ይህ ሲቋረጥ ያፈሳል። ሲያፈስ ደግሞ የሚደረገው በአሮጌው ላይ አዲስ አፈር መጨመር ነው። አንድ ነገር ላስላልዎት፦ ደረቅ የተጠቀጠቀ አፈር በ1 ሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 48 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር አፈር 7.7 ቶን ነው። በየዘመኑ ሲጨመር ኖሮ 30 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ 23 ቶን ይሆናል፤ ሲረጥብ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ነገር መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። 20 ሳንቲ ሜትሩን ብቻ ቢያወርዱ 15 ቶን፣ ሦስት አይሱዙ ጭነት ያህል ከግንዶቹ ላይ ያቃልላሉ።

ግንበኛው ያሰበው አሠራር ለምን እንደማይሆን ከዚህ ይከተላል። ሲሚንቶ ደረቅ ነገር ነው፤ የእንጨት ወራጅ ግን ሰው ሲራመድበትና ዝናብ ሲያርፍበት ይለምጣል። ስስ ልስን ይህን መታጠፍ ስለማይችል በመጀመሪያው ዓመት ይሰነጠቃል። ከላስቲክ ጋርም ስለማይጣበቅ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣል፤ የስንጥቁ ስለታም አፍ ደግሞ በየእርምጃው ላስቲኩን ይፈገፍገዋል። በስንጥቁ የገባው ውሃ በልስኑና በላስቲኩ መሐል ታሽጎ ይቀራል። 5 ሳንቲ ሜትር ልስን በ1 ካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አሮጌው አፈር ሳይነሣ ይህ ሲጨመር ለዕድሜ ባለጸጋ ግንዶች አደገኛ ጭነት ነው። ከዚህ የከፋው ግን ከላይ የማይታየው ነው። በማብሰል፣ በመታጠብና በመተንፈስ ከቤቱ የሚነሣው ተን ወደ ጣሪያው ይወጣል። ላስቲኩ ከእንጨቱ አጠገብ ከተዘረጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ተኑ ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ሆኖ ይቋጥርና ግንዶቹን ያርሳል። ቤቱ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳያስገባ ጣሪያው ከውስጥ ሊበሰብስ ይችላል ማለት ነው። ምስጥም እንዲህ ያለውን እርጥብና ጨለማ ቦታ ይወዳል።

ስለዚህ ላስቲኩን መጠቀም ከፈለጉ ቦታው በአፈር ሽፋኖቹ መካከል ነው። ከታች ከእንጨቱ የሚለየው አፈር ይኑር፣ ከላይ ከፀሐይና ከእግር የሚከልለው አፈር ይኑር። በዚህ ሁኔታ የተቀበረ ፖሊኤቲሊን ጨረር ስለማያገኘው ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ከላይ ያለው አፈርም የቀንና የሌሊቱን የሙቀት ልዩነት ስለሚያለዝበው መሳቡና ማጠሩ ይቀንሳል።

አፈሩን ከመንካትዎ በፊት ክፍሉን አስለቅቀው ግንዶቹን ከሥር በጠንካራ ቋሚዎች ያስደግፉ። አፈሩ ሲነሣ ከአንድ ወገን ብቻ እየተዛቀ መሐል ላይ አይከመር፤ በትንሽ በትንሹ ከጣሪያው ይውረድ። ከዚያ እያንዳንዱን ግንድ በረጅም ምስማር ወይም በቢላ ጫፍ ይወጋጉ፤ በተለይ በግድግዳው ውስጥ የገባው ጫፉ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ነው። ምስማሩ ያለ ትግል ሁለት ሳንቲ ሜትር ከገባ ያ ግንድ መለወጥ ወይም ከጎኑ አጋዥ ማግኘት አለበት። መቼም አሮጌ ጥድ ከላዩ የጠቆረና የተጎዳ መስሎ ውስጡ ጤነኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና በመልኩ ብቻ ፈርደው አይጣሉት፤ እንዲህ ያለውን እንጨት ዛሬ በገንዘብም አያገኙትም። የተከፈተው ጣሪያ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይምታው። በእርጥብ ጣሪያ ላይ ላስቲክ መዘርጋት እርጥበቱን አሽጎ ማስቀመጥ ነው።

ሲደርቅ ጠጠር የሌለበት፣ በወንፊት የተነፋ አፈር ከጭድ ጋር ተቦክቶ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደረግና በ1 ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል ይስተካከላል። ይህ ሽፋን ከሥር የሚመጣውን ተን የሚጠጣና የሚመልስ ስለሆነ መዝለል አይገባም። እርሱም ከደረቀ በኋላ ያረጁ የማዳበሪያ ከረጢቶች ተተርትረው ይነጠፉበት። ከረጢት ውሃ አያግድም፤ የተረፈች ጠጠር ላስቲኩን እንዳትወጋው ግን ጥሩ ትራስ ነው። ላስቲኩ ከመውረጃው በኩል ተጀምሮ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ሁለተኛው ቁራጭ በመጀመሪያው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ይደረብ፣ ውሃው ከላይኛው ወደ ታችኛው እንዲያልፍ። መጋጠሚያውን በሲሊኮን ወይም በተራ ማጣበቂያ ለማያያዝ ገንዘብ አያባክኑ፤ ፖሊኤቲሊን ላይ አይዙም፣ ደርቀው በጣት ይላጣሉ። የሚይዘው ቡቲል የሚባለው ጥቁር ተለጣፊ ነው። እርሱ ከጠፋ ሁለቱን ጠርዞች አንድ ላይ ሁለት ጊዜ አጥፎ በተዳፋቱ አቅጣጫ ማስተኛት ይሻላል። ላስቲኩ ተወጥሮ አይዘርጋ፣ ለቀቅ ያለ ይሁን። ጠርዙ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይውጣና ግንቡ ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ገብቶ በኖራ ቡኬት ይዘጋ። እባክዎ አንድም ምስማር አይመታበት።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መውረጃው ላይ ነው። ላስቲኩ ከመውረጃው በፊት ካቆመ ጣሪያው ላይ የተሰበሰበው ውሃ ሁሉ በአንድ ነጥብ ወደ ግድግዳው ልብ ይገባል፤ ግድግዳው የተገነባበት የሐሺ ድንጋይ ቢችለው እንኳ ያያያዘው ጭቃ ይታጠባል። ላስቲኩ በአሸንዳው ውስጥ አልፎ መውጣት አለበት፤ አሸንዳውም ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ ይጣል። ጎረቤት ግቢ ወይም ጠባቡ መተላለፊያ ላይ የሚወርድ ከሆነ ከጎረቤትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ከላይ ሌላ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከዚያ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭድ ያለው ሸክላማ አፈር በቀስታ ተጠቅጥቆ ይለብሳል። በ1 ካሬ ሜትር 130 ኪሎ ያህል ነው፤ አሮጌው አፈር 30 ሳንቲ ሜትር ከነበረ፣ ከሥር ካለው ሽፋን ጋር ተደምሮም ካወረዱት ክብደት ግማሹን አያክልም። የመጨረሻው ገጽ የጭቃ ልስን ወይም ኖራ ሊሆን ይችላል። በእሳት የሚለጠፈውን ሜምብሬን አንድ ሰው ቢያቀርብልዎ አይቀበሉ፤ ደረቅ ጭራሮና እንጨት ባለበት ጣሪያ ላይ የጋዝ ነበልባል ማስጠጋት ቤቱን ማቃጠል ሊሆን ይችላል። ከውስጥ በኩልም የግንዶቹን ሥር በሲሚንቶ ወይም በዘይት ቀለም አያስደፍኑ። ከላይ በላስቲክ ስለዘጋንባቸው የቀረላቸው መተንፈሻ በቤቱ በኩል ያለው ብቻ ነው።

ምን ዓይነት ልግዛ ላሉት፣ ጥቁርና 300 ማይክሮን የሆነ፣ ከተገኘም 500 ማይክሮን ይግዙ። 1,000 ማይክሮን 1 ሚሊ ሜትር ነው። ነጋዴው በቃል የሚነግርዎ ውፍረት ልክ መሆኑን በሚዛን ማረጋገጥ ይችላሉ። 1 ካሬ ሜትር ፖሊኤቲሊን በ200 ማይክሮን 185 ግራም፣ በ300 ማይክሮን 275 ግራም፣ በ500 ማይክሮን 460 ግራም ያህል ይመዝናል። 4 ሜትር ስፋት ያለውን 10 ሜትር ቢያስቆርጡ 40 ካሬ ሜትር ነውና 300 ማይክሮን ከሆነ 11 ኪሎ መምዘን አለበት፤ 7 ኪሎ ተኩል ከመዘነ የተሸጠልዎ 200 ነው። ቆርጠው ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩት፤ ነጠብጣብ ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተቀለጠ ጥራጊ የበዛበት ነውና ይተዉት። ያገለገለ የማስታወቂያ ባነር ርካሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለጊዜያዊ ሽፋን ይሆናል፣ ለመቅበር ግን አልመክረውም፤ የታጠፈበት ሁሉ አስቀድሞ ተሰንጥቋል።

ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የበልጉ ዝናብ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ስለሚጀምር ከዚያ በፊት የላይኛው አፈር መድረቅ ይኖርበታል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑና የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ስለሚመለከተው፣ ጣሪያውን ከመክፈትዎ በፊት የክልሉን የቅርስ ቢሮ ያነጋግሩ። ይህን እንደ ውጣ ውረድ ብቻ አይዩት፤ የአፈር ጣሪያ የሚያውቁ አረጋውያን ግንበኞች የት እንዳሉ ሊጠቁምዎ የሚችል አንዱ ቦታ እርሱ ነው። ብዙ ቤቶች ጣሪያቸውን አፍርሰው ቆርቆሮ ሲያለብሱ ማየት ያሳዝነኛል፤ የእርስዎ ጥያቄ ጣሪያውን ለማቆየት መሆኑ ስላስደሰተኝ ነው እንዲህ በሰፊው የጻፍኩት።

እስከ ጥቅምት ግን የሚመጣው ክረምት አለ። ለጊዜው ሸራ ወይም ጥቁር ላስቲክ ከላይ መዘርጋት ይቻላል፤ ጠርዙን በድንጋይ ሳይሆን አሸዋ በተሞሉ ከረጢቶች ይያዙት፣ ዝናብ በሌለበት ቀንም ጣሪያው እንዲተነፍስ ይግለጡት። ከውስጥ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አውርደው ጠብታውን በነጭ ሳሕን ይቀበሉት። ዝናቡ እየጣለ ሳለ ወዲያው የሚመጣና ጭቃ የቀላቀለ ጠብታ ከሆነ ውሃው አፈሩን ቦርቡሮ መንገድ አውጥቷልና ያንን ቦታ አሁኑኑ በጭድ ጭቃ ማስደፈን ያስፈልጋል። ዝናቡ ካቆመ ከሰዓታት በኋላ የሚጀምር ጥርት ያለ ጠብታ ከሆነ ደግሞ አፈሩ ጠግቧል፤ ከላይ አንድም አካፋ አፈር እንዳይጨመርበት፣ ከሥሩ ያሉት ግንዶችም ያን ዕለቱን ይደገፉ።